ልጅ ይሰጣልን?

ስለ ጦርነት በሚነገርበት ሥፍራ ሁሉ፥ በመድረክም ይሁን በመጽሐፍ፥ ከአፍ የማይጠፋ አንድ አነጋገር አለ። ይኸውም «ልጇን ለአገሯ ሰጠች» የሚለው ነው። ተናጋሪው ይህን ቃል ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሰሚውም ራሱን እየነቀነቀ ይቀበላል፤ ከዚያም ንግግሩ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሻገራል። በዚህ ዓመት በአዳራሻችን በተደረጉት የንግግር ውድድሮች ብቻ ይህን አነጋገር ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁት መቍጠር አቅቶኛል። በበኩሌ ግን አነጋገሩ ትክክል አይመስለኝም። ያልመሰለኝም ለምን እንደ ሆነ የአንድ የአየርላንድ ቤተ ሰብ ታሪክ በማቅረብ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

«አየርላንድ ከኛ ጋር ምን አገናኛት?» የሚል ጓደኛ አይታጣም። የገዛ ቤቱን ኀዘን የሚመረምር ሰው ዓይኑ በእንባ ስለሚጋረድ ነገሩን አጥርቶ ለማየት ይቸግረዋል፤ የሩቅ ሰው ኀዘን ግን ረጋ ተብሎ ይታያል። ደግሞም ወደ ኋላ እንደምናየው የዚህ ቤተ ሰብ አንዲት ልጅ የጀመረችው ሥራ እስከ አገራችን ድረስ ደርሷል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ወይዘሮ ሜሪ ማርቲን በደብሊን ከተማ አጠገብ፥ ሞንክስታውን በተባለው ሥፍራ፥ ግሪንባንክ የሚባል ቤት የነበራቸው የዐሥራ ሁለት ልጆች እናት ነበሩ። ባለቤታቸው ቶማስ ማርቲን የታወቁ የእንጨት ነጋዴ ነበሩ፤ ነገር ግን በ1907 በድንገተኛ አደጋ ስለ ሞቱ ልጆቹን የማሳደጉ ሸክም በወይዘሮ ሜሪ ላይ ብቻ ወደቀ። ቤቱ የድኻ ቤት አልነበረም፤ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። ይሁን እንጂ የሞት ወሬ ባለጠጋውን ቤት ለይቶ አያልፍም።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ አየርላንድ በብሪታንያ መንግሥት ሥር ነበረች። በ1916 መጀመሪያ በብሪታንያ የወጣው የግዳጅ ዘመቻ ሕግ እንኳ አየርላንድን አልጨመረም። ቢሆንም ከ200 ሺህ በላይ አየርላንዳውያን በዚያ ጦርነት ላይ በብሪታንያ ሠራዊት ውስጥ ተሰልፈዋል፤ ከእነዚሁም ከ30 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሳይመለሱ ቀርተዋል። አንዱ የዘመተው ቤልጅግን ለመርዳት ነው፤ ሌላው ለአየርላንድ የራስዋ ምክር ቤት እንዲፈቀድላት ውለታ ለማስቀመጥ ነው፤ ሌላው ደግሞ ደመወዙ ቤቱን ስለሚደግፍለት ብቻ ነው። ከማርቲን ቤት ቻርሊና ቶሚ የተባሉት ወንድማማቾች ወታደሮች ሆኑ።

ቻርሊ የሮያል ደብሊን ፊዩዚሊየርስ 6ኛ ሻለቃ መኰንን ነበረ። ይህ ሻለቃ የታቀፈበት 10ኛው የአየርላንድ ክፍለ ጦር በ1915 በነሐሴ ወር በጋሊፖሊ፥ ሱቭላ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ወረደ። ቻርሊም በዚያ ቈሰለ። ድኖ ወደ ጓደኞቹ ሲመለስ ክፍለ ጦሩ ወደ ሳሎኒካ ተዛውሮ ነበር። ሳሎኒካ ማለት ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክት የተነሣ ተሰሎንቄ ብለን የምናውቃት ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ሰሜን ወጥተው በሰርቢያ ጠረፍ፥ ኮስቱሪኖ በተባለው ተራራማ ሥፍራ፥ በብርዱና በበረዶው መካከል ሰፈሩ። በዲሴምበር መጀመሪያ የቡልጋሪያ ጦር መታቸው፤ እነርሱም እየተዋጉ ወደ ኋላ ተመለሱ። በዚያ ውጊያ ከሞቱትና ከቈሰሉት ይልቅ የገቡበት ያልታወቀው ቍጥር ይበልጥ ነበር። ቻርሊ ማርቲንም ዲሴምበር 8 ቀን 1915 ከእነዚህ መካከል ተቈጠረ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ፍሬ ደርሰናል። ለወይዘሮ ሜሪ የደረሳቸው ወሬ «ልጅዎ ሞተ» የሚል አልነበረም፤ ጠፍቷል የሚል ነበር። የሞተ ሰው ይለቀስለታል፤ ተዝካሩ ይወጣል፤ ጎረቤትም ምን ብሎ እንደሚያጽናና ያውቃል። ለጠፋ ሰው ግን ምን ይደረጋል? ቢያለቅሱለት እንደ ማሟረት ነው፤ ባያለቅሱለትም እንቅልፍ የለም። ወይዘሮ ሜሪ ያደረጉት ነገር ሰምቼ የማላውቀው ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1916 አንድ የቀን መዝገብ ከፈቱና ለቻርሊ ይጽፉለት ጀመር። አሳባቸውም፥ ልጁ በተመለሰ ጊዜ እርሱ በሌለበት በቤቱ ውስጥ የሆነውን ሁሉ አንብቦ እንዲደርስበት ነበር።

በመዝገቡ የሚገኘው የጀግንነት ንግግር አይደለም። ማን ለጥየቃ እንደ መጣ፥ ከየትኛው ልጅ ደብዳቤ እንደ ደረሰ፥ ወንድሞቹና እኅቶቹ ምን ላይ እንደ ሆኑ፥ ስለ ቻርሊ ወሬ ለማግኘት ለማን እንደ ተጻፈና ምን መልስ እንደ መጣ የሚናገር ነው። ይኸን የመሰለ የቤት ወሬ እየተጨመረ እስከ ሜይ 25 ቀን 1916 ድረስ ሄደ። ቻርሊ ግን መዝገቡ ከመከፈቱ ከሦስት ሳምንት በፊት ሞቶ ነበር። ይህም ለቤተ ሰቡ የተረጋገጠው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ወይዘሮ ሜሪ አምስት ወር ሙሉ ለሞተ ልጅ የቤቱን ወሬ ሲያጫውቱት ኖሩ ማለት ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ «ልጃቸውን ሰጡ» የሚለው ቃል በአፌ አልገባ አለኝ። መስጠት ምን ማለት ነው? ሰጪ በእጁ ያለውን ነገር ይይዛል፤ እንደሚሰጥ ያውቃል፤ እጁንም ይዘረጋል። በብሉይ ኪዳን መሥዋዕት የሚያቀርበው ሰው በጉን በገዛ እጁ እየጐተተ ወደ መሠዊያው ያመጣዋል። እኒህ እናት ምን አመጡ? ልጁን እየጠበቁት እኮ ነው! ሲመለስ አዲስ ሆኖ እንዳይቀር ብለው የቀኑን ወሬ እየሰበሰቡ ያስቀምጡለታል። የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ሰጪ ሊባል አይችልም። ልጁ ተወሰደባቸው ቢባል ግን እውነት ይሆናል።

በዚህ ነገር ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። አንዱ «ቻርሊ እኮ የዘመተው በፈቃዱ ነው፤ አስገድዶ የወሰደው የለም» አለኝ። ልክ ነው። እንግዲያው ሰጪው ቻርሊ ነው፤ የሰጠውም የገዛ ራሱን ነው። እርሱን መሥዋዕት ሆነ ብንለው አልቃወምም። እናቲቱ ግን በእርሱ ሒሳብ ውስጥ ለምን ሰጪ ተብለው ይገባሉ? ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ ከዚህ የበረታ ክርክር አመጣ፤ «አንተ እንደምትለው ከሆነ ማንም እናት ልጄን አላዘምትም ትላለች፤ አገርስ በማን ይጠበቃል?» አለ። አባቴም ይህንኑ ክርክር ማታ በሰማ ጊዜ የደገፈው እርሱን ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የተወረረ አገር ተከላካይ ያስፈልገዋል፤ ተከላካዩም ከሴት የተወለደ ሰው ነው። ይህን አልክድም። እኔ የምለው፥ የዕዳውን ልክ እንወቅ ነው። የተሰጠ ነገር «እግዜር ይስጥልኝ» ከተባለበት ነገሩ አበቃ፤ የተወሰደ ነገር ግን ሒሳብ አለው። «ሰጠች» ያልናትን እናት አመስግነን እንሄዳለን። «ወሰድንባት» ካልን ግን ልጅሽ የሞተው በዚህ ቀን ነው፥ የተቀበረው እዚህ ነው፥ በመጨረሻው ሰዓት አጠገቡ የነበረው እገሌ ነው ብለን የመንገር ግዴታ አለብን። ለወይዘሮ ሜሪ ይህን በጊዜው የነገራቸው አልነበረም። ሰዎች «ሰጡ» የሚለውን ቃል የሚወዱት ከዚህ ግዴታ ስለሚያወጣቸው ይመስለኛል።

«ለአገር» የሚለውም ክፍል ቢሆን እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። መዝገቡ ገና እየተጻፈ ሳለ፥ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፥ ኤፕሪል 24 ቀን 1916፥ በደብሊን ከተማ አየርላንድን ነጻ ለማውጣት የተነሡ ሰዎች ዋናውን ፖስታ ቤትና ሌሎችንም ቦታዎች ያዙ። የሚወጉትም ቻርሊ መለያውን የለበሰለትን ያንኑ ሠራዊት ነው። በዚያ ሠራዊት በኩል ከተሰለፉት ውስጥ የቻርሊ የገዛ ክፍለ ጦር የሮያል ደብሊን ፊዩዚሊየርስ ወታደሮች ነበሩበት። ውጊያው ስድስት ቀን ቆየ፤ ከአራት መቶ በላይ ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹም የሚበዙት መሣሪያ ያልያዙ የከተማው ነዋሪዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በግንቦት ወር 15 መሪዎችና ተከታዮች በጥይት ተደበደቡ፤ አንድ ሌላም በነሐሴ ለንደን ውስጥ ተሰቀለ። ወይዘሮ ሜሪ ይህንንም የሁከት ሳምንት ለቻርሊ ጽፈውለታል። ልጃቸው ለአገሩ ሞተ እንበል፤ ለየትኛዋ አገሩ? ሰሎንቄ ሳለ የነበረችው አየርላንድና በዚያ ሳምንት መወለድ የጀመረችው አየርላንድ አንድ አይደሉም።

የዚህም ውጤት ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ታየ። አየርላንድ በ1922 የራስዋን መንግሥት ስታቆም ከብሪታንያ ጦር የተመለሱት ወታደሮች ለብዙዎቹ ጎረቤቶቻቸው አሳፋሪ ሰዎች ሆኑ። ስለ ሙታኑም ጮክ ብሎ መናገር ቀረ። በደብሊን አይላንድብሪጅ በሚባለው ሥፍራ፥ በወንዙ አጠገብ፥ ኤድዊን ለቺንስ የተባለው ዕውቅ አርክቴክት የነደፈው የመታሰቢያ አትክልት ቦታ በ1930ዎቹ ተሠራ። አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር ላንሣ። ሥራውን ከሠሩት የቀን ሠራተኞች ግማሾቹ የብሪታንያ ጦር የቀድሞ ወታደሮች፥ ግማሾቹ ደግሞ የአየርላንድ ጦር የቀድሞ ወታደሮች እንዲሆኑ ተደርጎ ነበር፤ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቦታ ድንጋይ ሲሸከሙ ዋሉ። ነገር ግን ሥራው ሲያልቅ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለ ደረሰ ምረቃው ተላለፈ፤ ከዚያም ቦታው ለብዙ ዓመታት ተዘንግቶ ፈራረሰ። ታድሶ በሥርዓት የተመረቀው በ1988 ነው። በ2011 የብሪታንያ ንግሥት ኤልሳቤጥና የአየርላንድ ፕሬዚዳንት ሜሪ ማካሊስ በዚያ ሥፍራ ጎን ለጎን ቆመው የአበባ ጉንጉን አኖሩ። ከቻርሊ ሞት እስከዚያ ቀን ዘጠና አምስት ዓመት ነው። የባንዲራው ነገር እስኪፈታ እናቶቹ ሁሉ አልቀዋል። የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ልጅ የሞተባትን ሴት «በየትኛው ባንዲራ ሥር?» ብሎ መጠየቅ ለፖለቲካ ሰው ተገቢ ቢመስለው እንኳ ለጎረቤት ግን ነውር ነው።

እስካሁን ስለ እናትና ስለ ወንድ ልጅ ተናገርሁ። በዚህ ቤት ግን «ሰጠች» የሚለው ቃል በእውነት የሚስማማት አንዲት ሴት አለች፤ እርሷም የቻርሊ ታላቅ እኅት ማሪ ናት። «እርሷ» የምላት በማክበር ጕድለት እንዳይመስላችሁ፤ በምናወራበት ጊዜ ከኛ ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በጥቂት ዓመት ብቻ ትበልጥ ስለ ነበረች ነው። ማሪ በኤፕሪል 1892 ተወለደች። ጦርነቱ ሲነሣ የፈቃደኞች የርዳታ ጓድ በተባለው ማኅበር ገባች። ይህ ማኅበር በ1909 የተቋቋመ ሲሆን ቀይ መስቀልና የቅዱስ ዮሐንስ አምቡላንስ የሚያሠለጥኗቸውን ሴቶች ወደ ወታደር ሆስፒታሎች ይልክ ነበር። ወደ ባሕር ማዶ ለመላክ 23 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ማሪም ሃያ ሦስቷን እንደ ሞላች በዚያው በ1915 መጨረሻ ላይ ወደ ማልታ ደሴት ተላከች።

ማልታ ሐዋርያው ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት ደሴት ናት። በጦርነቱ ጊዜ ግን ከጋሊፖሊና ከሳሎኒካ የሚመጡ ቍስለኞችና በሽተኞች የሚራገፉባት ትልቅ ሆስፒታል ሆነች፤ በ1916 መጀመሪያ በትንሿ ደሴት ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ የበሽተኛ አልጋ ነበረ። በጥይት ከቈሰለው ይልቅ የደም ተቅማጥና ተስቦ ያደከመው ይበዛ ነበር። በኖቬምበር 1915 መጨረሻ በሱቭላ የወረደው ዝናብና በረዶ ብቻ ብዙ ሺህ ወታደሮችን በብርድ አቍስሎ ከምሽግ አውጥቷል፤ የብዙዎቹ እግር ጠቍሮ ነበር።

ሰዎች «አስታማሚ» ሲባል ነጭ ለብሳ በበሽተኛው ግንባር ላይ እጇን የምታሳርፍ ሴት ይታያቸዋል፤ ሥዕሉም እንዲሁ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። እነዚህ ፈቃደኞች የሦስት ዓመት ትምህርት የጨረሱ ነርሶች ስላልነበሩ የሚታዘዙት ዝቅተኛውን ሥራ ነበር፤ ወለል ማጠብ፥ አልጋ ማንጠፍ፥ ሽንትና ሰገራ መድፋት፥ የደም ፋሻ መሰብሰብ፥ መሣሪያ መቀቀል፥ ከዚያም ቀስ በቀስ ቍስል ማጠብና መጠቅለል። ቤቷ ደኅና የነበረ ልጅ ይህን ሁሉ በገዛ ፈቃዷ ሄዳ ሠራች። እንግዲህ የሰጠችው የራስዋን ጕልበት፥ የራስዋን እንቅልፍ፥ የራስዋን ጊዜ ነው፤ እንደምትሰጥም ታውቅ ነበር። ቃሉ በትክክል የሚቀመጠው እዚህ ላይ ነው።

የወንድሟም መጥፋት የተሰማው በዚሁ በማልታ ሳለች ነው። ከሳሎኒካ ግንባር የሚመጡት መርከቦች በዓይኗ ሥር ወደ ወደቡ ይገባሉ፤ ከቻርሊ ጋር በአንድ ተራራ ላይ የነበሩ ሰዎች በአልጋ ተሸክመው ይወርዳሉ። እኔ በእርሷ ቦታ ብሆን የያንዳንዱን ቍስለኛ ፊት ሳልመለከት የማሳልፍ አይመስለኝም። ሥራው ግን ሥራ ነውና የሌላውን ወንድም እግር ማጠብ ነበረባት።

በ1916 በጸደይ ወራት ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ብዙም ሳትቆይ ደግሞ በፈረንሳይ አገር በባሕሩ ዳርቻ ወደሚገኘው ወደ ሃርድሎ ተላከች። ያ ዘመን የሶም ውጊያ ዘመን ነው። የውጊያው የመጀመሪያ ቀን፥ ጁላይ 1፥ ከብሪታንያ ጦር ወደ 57 ሺህ ሰው የሞተበትና የቈሰለበት ቀን ነበር። ስለዚህ ስንት አልጋ እንደሚሞላ መገመት ለአንባቢ እተዋለሁ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ብዙዎቹ ፈቃደኞች መለያቸውን አጥፈው በሣጥን አኖሩና ወደ ቀድሞ ኑሯቸው ተመለሱ፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ማሪ ግን የአዋላጅነት ትምህርት ተማረችና በ1921 ጳጳሱ ጆሴፍ ሻናሃን ወደሚያስተምሩበት ወደ ናይጄሪያ፥ ወደ ካላባር ሄደች። በዚያም ለወሊድ ቀርቶ ለቀላል በሽታ እንኳ የሚደርስላቸው ያጡ እናቶችን አየች። ሐኪምና አዋላጅ የሆኑ መነኮሳይያት ማኅበር እንዲቋቋም ፈለገች፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ እንቅፋት ነበረ። በዚያን ዘመን በነበረው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደንብ ለሴት መነኮሳይት ሴትን ማዋለድ የተከለከለ ነበር። ሞት የረበበባቸውን ወታደሮች ስታጥብ ማንም ያልከለከላት ሴት፥ የምትወልድን እናት ለመርዳት ስትጠይቅ «አይፈቀድም» ተባለች። ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች የራሳቸው ምክንያት ይኖራቸው ይሆናል፤ እኔ ግን ምክንያቱ አልገባኝም።

በዚህ መካከል ብዙ ዓመታት በመጠበቅና በሕመም አለፉ። በእናቲቱና በልጂቱ መካከል አንድ የሚመሳሰል ነገር ቢኖር ይህ መጠበቅ ነው፤ አንደኛዋ የማይመጣውን ጠበቁ፤ ሁለተኛዋ የጠበቁት መጣ። በፌብሩዋሪ 1936 ሮማ ክልከላውን አነሣች። ከዚህ ወዲያ «እሳቸው» ልበል፤ እናት ማሪ ሆነዋልና። እናት ማሪ ማርቲን ኤፕሪል 4 ቀን 1937 በናይጄሪያ በፖርት ሃርኮርት ሆስፒታል ውስጥ በጠና ታመው ሳሉ የምንኵስና ቃል ኪዳናቸውን ገቡ፤ የማርያም የሕክምና ሚሲዮናውያን የተባለው ማኅበርም በዚያ ቀን ተመሠረተ። የመጀመሪያ ሥራቸውም አኑዋ በሚባል የናይጄሪያ ቦታ ነበረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በአየርላንድ በድሮኸዳ ከተማ ሆስፒታል ከፈቱ፤ ከዚያም ሐኪሞች፥ ነርሶችና አዋላጆች ወደ ብዙ የአፍሪቃ አገሮች ተላኩ። ወደኛም መጥተዋል፤ የማኅበሩ እኅቶች በኢትዮጵያ ውስጥ በሽተኞችን ሲያስታምሙ ኖረዋል። የዓለም ቀይ መስቀል በ1963 የፍሎረንስ ናይቲንጌልን ሜዳይ ሸለማቸው። እናት ማሪ በጃንዋሪ 1975 በድሮኸዳ ዐረፉ።

አንዳንዱ አንባቢ «እንግዲያው የቻርሊ ሞት ፍሬ አፈራ፤ እኅቱን ወደ መልካም ሥራ መራት» ሊል ይፈልግ ይሆናል። እባካችሁ ይህን አንበል። ቻርሊ ቢመለስም ማሪ ሐኪም ቤቱን ልትሠራ ትችል ነበር፤ ምናልባትም እንጨቱን የሚያቀብላት እርሱ በሆነ ነበር። ከሞት ላይ ጥቅም መልቀም የተናጋሪዎች ልማድ ነው። ወይዘሮ ሜሪም ቢሆኑ ከሆስፒታሉ ይልቅ ልጃቸውን የሚመርጡ ይመስለኛል፤ እናት ናቸውና ማንም አይፈርድባቸውም።

የወይዘሮ ሜሪ መዝገብ ዛሬ በደብሊን በአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የቤት ወሬ ነው ተብሎ ሳይጣል በመቈየቱ ነው እኔና እናንተ ይህን ለማወቅ የቻልነው። በታሪክ መጽሐፋችን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዐሥራ አንድ ገጽ ተሰጥቶታል፤ የነገሥታትና የጄኔራሎች ስም፥ የውሎች ቀን፥ ሁለት ካርታ። የሴት ስም ግን አንድ እንኳ አላገኘሁበትም፤ ሁለት ጊዜ ፈልጌአለሁ። መምህሮቻችን ፕሮግራሙ ጠባብ መሆኑን እንደሚነግሩን አውቃለሁ፤ እውነትም ጠባብ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ከፕሮግራሙ ውጭ የሚሠራ ነው። የታሪክ ክበባችን ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ አባል ለሚመጣው ዓመት ከሠፈሩ አንዲት አሮጊት ይምረጥ፤ አያቱም ብትሆን፥ የጎረቤትም እማማ ብትሆን። ባሏ ወይም ልጇ ወይም ወንድሟ ዘምቶ እንደ ሆነ ይጠይቃት፤ ማን ወሬውን እንዳመጣላት፥ ምን ያህል ጊዜ እንደ ጠበቀች፥ በዚያ ጊዜ ቤቱን እንዴት እንዳቆመች በራስዋ ቃል ይጻፍላት። «ልጄን ሰጠሁ» ካለች እንዳለችው ይጻፍ፤ የራስዋ ቃል ነውና የኔ ክርክር አይመለከታትም። «ወሰዱብኝ» ካለችም እንዲሁ። የመጽሔቱ አዘጋጆች ለዚህ ሁለት ገጽ ቢፈቅዱልን፥ ወረቀቱንና ጽሕፈቱን እኛ እንችላለን። ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ ደብተር ይዘው ሲመጡባችሁ «ሂድና ትምህርትህን አጥና» ብላችሁ እንዳትመልሷቸው አደራ።